ከሜዳው ወደ ግንቡ፦ በፎገራ ዙሪያ ከልጆች ጋር በእግር

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚጓዝ ቤተሰብ ወረታን የሚያውቃት አብዛኛውን ጊዜ በመኪና መስኮት ነው። 60 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ከተማዋ ላይ ቁርስ ይቀምሳል ወይም ሻይ ይጠጣል፤ ወደ ደብረ ታቦርና ወልድያ የሚገነጠለውን መንገድ በስተቀኝ ትቶ ወደ አዲስ ዘመን ይቀጥላል። ልጆቹ ጎንደር ሲደርሱ የፋሲልን ግንብ ያያሉ፣ ፎቶ ይነሣሉ፣ በማግስቱ በመጡበት መንገድ ይመለሳሉ። በመሐል የታለፈው የፎገራ ሜዳ ለእነሱ የሩዝ ማሳ፣ የከብት መንጋና የመንገድ ርዝመት ብቻ ሆኖ ይቀራል። ይህ ጽሑፍ የሚከራከረው ለዚያ ለታለፈው ሜዳ ነው። በአካባቢው ያሉት ግንቦችና አብያተ ክርስቲያናት የቆሙበት ቦታ እንዲሁ የተገኘ አይደለም፤ ያስመረጡት ሜዳው፣ ወንዞቹና ጣና ናቸው። ልጅ ይህን በመኪና ሲያልፍ አያስተውለውም። ከሜዳው ተነሥቶ በእግሩ እስከ ግንቡ ደጃፍ ሲወጣ ግን ብዙ ሳይነገረው ይገባዋል። ስለዚህ በወረታም ሆነ በባሕር ዳር፣ በደብረ ታቦርም ሆነ በጎንደር የሚኖር ወላጅ ለልጁ ታሪክ ማሳየት ሲፈልግ ከረጅሙ የመኪና ጉዞ አጭሩን የእግር መንገድ ቢያስቀድም ይሻላል።

ከሜዳው እንነሣ። ፎገራ በጣና ሐይቅ ምሥራቃዊ ዳርቻ የተዘረጋ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ረባዳ መሬት ነው። በደቡብ በኩል ጉማራ፣ በሰሜን በኩል ርብ ከጉና ተራራ ወገን ወርደው ያቋርጡታል፤ ሁለቱም ከደጋው ጠርገው ያመጡትን አፈር ለዘመናት ሜዳው ላይ እያነጠፉ ወደ ጣና ይገባሉ። አፈሩ ዋልካ ነው፤ በክረምት እግር ይዞ አልለቅም ይላል፣ በበጋ ይሰነጣጠቃል። ወንዞቹ ሲሞሉና ሐይቁ ወደ ዳር ሲገፋ ውሃው ሜዳው ላይ ይተኛል፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደረሰው ጎርፍ ብዙ ቤተሰቦችን ከቤታቸው አፈናቅሏል። ፎገራን በሀብት ያስጠራትም ይኸው ውሃ ነው። በስሟ የሚጠራው የፎገራ ከብት ያደገው ውሃው በሚተወው ሣር ነው፤ በደርግ ዘመን የገባው ሩዝ ደግሞ ሌላ እህል በማይችለው በዚያ ውሃ በሚተኛበት መሬት ላይ ጸንቶ ወረታን የሩዝ ከተማ አድርጓታል። ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም የሚገኘው እዚሁ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ በማሳዎቹ መካከል በሚያልፍ መንገድ ላይ አንድ ሰዓት የተራመደ ልጅ ሩዝ ሲታጨድና ሲወቃ ያያል፣ የጎርፉን ምልክት በመንገዱ ጠርዝ ያያል፣ ቤቶች ለምን ከፍ ከፍ ባለ ቦታ ላይ እንደተሰባሰቡም ራሱ ይጠይቃል።

የነገሥታቱ ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ ጥያቄ ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የነበሩት ነገሥታት ቋሚ መዲና አልነበራቸውም። በጋውን ከሠራዊታቸው ጋር በድንኳን ከአገር አገር ሲዘዋወሩ ይቆዩና ወንዝ ሲሞላ፣ መንገድ ሲጨቀይ በአንድ ቦታ ይከርማሉ። መክረሚያ የሚሆነው ስፍራ ከጭቃና ከወባ ከፍ ያለ፣ ለእህልና ለሣር የቀረበ፣ የሚመጣውን ሰው ከሩቅ የሚያሳይ መሆን ነበረበት። ከፎገራ በስተሰሜን፣ ከአዲስ ዘመን ወደ እንፍራዝ ሲኬድ ከዋናው መንገድ ብዙም ሳይርቅ በኮረብታ ላይ የቆመው የጉዛራ ግንብ ይህን ሁሉ ያሟላል። ግንቡን ያሠሩት እ.ኤ.አ. ከ1563 እስከ 1597 የነገሡት ዐፄ ሠርፀ ድንግል እንደሆኑ ይነገራል። በድንጋይና በኖራ የተሠራ ባለ ሁለት ፎቅ ሕንፃ ነው፤ በማዕዘኖቹ ላይ የጎንደርን ግንቦች የሚያስታውሱ ክብ ማማዎች ነበሩት። ዐፄ ፋሲል ጎንደርን የቆረቆሩት እ.ኤ.አ. በ1636 ነው። ጉዛራ በሠርፀ ድንግል ዘመን የተሠራ ከሆነ፣ የንግሥናቸውን የመጨረሻ ዓመት እንኳ ብንወስድ፣ ጎንደርን ወደ 40 ዓመት ይቀድማታል። ጎንደር ላይ ጀመረ ብለን የምናስበው የግንብ አሠራር መነሻውን እዚህ ኮረብታ ላይ መፈለግ ይኖርብናል ማለት ነው። ዩኔስኮም በ1972 ዓ.ም. ፋሲል ግቢን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ጉዛራን ከቅርሱ ክፍሎች እንደ አንዱ አድርጎ አካቶታል።

ጉዛራን የሚያውቅ ሰው ወዲያው አንድ መቃወሚያ ያነሣል፤ ለልጅ የሚታይ ምን አለው? ጎንደር ሰፊ ግቢ፣ ብዙ ግንብ፣ መዋኛ ስፍራና አስጎብኚ አላት፤ ጉዛራ ላይ ያለው ግን አንድ የተጎዳ ሕንፃ ነው። እውነት ነው፤ ግንብ በመቁጠር ከሆነ ጎንደርን የሚወዳደራት የለም። ነገር ግን ልጅ ከብዙ ግንብ ይልቅ አንዱን በደንብ ሲያይ ይበልጥ ይማራል። ፋሲል ግቢ ዛሬ በከተማ ተከብቧል፤ ለምን እዚያ እንደተሠራ ለማየት ከተማውን በሐሳብ ማንሣት ያስፈልጋል። ጉዛራ ላይ ግን ምክንያቱ አሁንም ዓይን ይገባል፤ ከታች እርሻው፣ ከወዲያ ጣና፣ በግርጌው መንገዱ ይታያል። ኮረብታውን ላቡን እየጠረገ የወጣ ልጅ ጠላትም እንዲሁ ደክሞ መውጣት እንደነበረበት ይረዳል። ድንጋዩ ከየት መጣ? ኖራው የት ተቃጠለ? ውሃውን ማን ተሸክሞ አወጣው? እነዚህ የመማሪያ መጽሐፍ የማይጠይቃቸው፣ አቀበት ያስጨነቀው እግር ግን የሚያነሣቸው ጥያቄዎች ናቸው። መልሱን ወላጅ ባያውቀው እንኳ ጥያቄው መነሣቱ ታሪክን ከስምና ከዓመት ዝርዝር አውጥቶ የሰው ሥራ ያደርገዋል።

አብያተ ክርስቲያናቱም ከመሬቱ ጋር እንዲሁ የተሳሰሩ ናቸው። በደቡብ ጎንደር ከሩቅ አንድ ጥቅጥቅ ያለ አረንጓዴ ክምር ከታየ እዚያ ቤተ ክርስቲያን አለ ማለት ነው፤ በዙሪያው ያለው መሬት ለእርሻና ለግጦሽ ሲመነጠር ዛፉ በቅጥሩ ውስጥ ተጠብቆ ቆይቷል። ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በዚሁ ዞን በሚገኙ 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖች ባደረጉት ጥናት 168 የዛፍ፣ የቁጥቋጦና የሐረግ ዝርያዎችን መዝግበዋል፤ አብዛኞቹ አገር በቀል ናቸው። ይህ ቁጥር ለእግረኛ ቤተሰብ ትርጉም አለው። የፎገራን ሜዳ በጠራራ ፀሐይ ያቋረጠ ልጅ ወደ ቅጥሩ ሲገባ ጥላው፣ የወፉ ድምፅና የአየሩ ቅዝቃዜ ይለወጥበታል፤ አያቶቹ በኖሩበት አገር እንዲህ ያለ ደን ከዛሬው በስፋት የነበረበት ጊዜ እንዳለ ሊነገረው የሚገባው እዚህ ነው። ከአዲስ ዘመን ከተማ አቅራቢያ ያለው ጣራ ገዳም ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው፤ ገዳሙና ከዳገቱ ላይ የተንሰራፋው ደን አንዱ ሌላውን ጠብቀው ኖረዋል። ወይራውን፣ ዋንዛውን፣ ብሳናውን በቅጠሉ የለየ ልጅ ለትምህርት ቤቱ የሳይንስ ክፍልም ሥራ ሠርቷል። ዛሬ እነዚህን ደኖች የሚያሰጋቸው ዳር ዳሩን የሚገባ ከብትና የሚገፋ እርሻ ነው፤ በዞኑ አንዳንድ አብያተ ክርስቲያናት ከማሳ በተለቀመ ድንጋይ ዙሪያቸውን አጥረው ችግኝ መልሶ እንዲበቅል አድርገዋል።

ስለ ቤተሰብ ጉዞ ስናወራ የማይታለፍ አንድ ጉዳይ ደግሞ አለ። ከጣና ገዳማት አንዳንዶቹ ሴት አያስገቡም። በምሥራቃዊው የሐይቁ ዳርቻ ያለው ጣና ቂርቆስ፣ ታቦተ ጽዮን ወደ አክሱም ከመሄዷ በፊት ለረጅም ዘመን ኖራበታለች ተብሎ በትውፊት የሚነገርለት ታላቅ ገዳም፣ ከእነዚህ አንዱ ነው። ሥርዓቱ የገዳሙ ነውና መከበር አለበት፤ እናትና ሴት ልጅ ታንኳ ላይ ቀርተው አባትና ወንድ ልጅ የሚገቡበት ጉዞ ግን የቤተሰብ ጉዞ ሊባል አይችልም። መፍትሔው በሐይቁ ዳር ወደ ደቡብ ወረድ ብሎ ወደ ደራ ወረዳ መመልከት ነው። እዚያ በየብሱ ላይ ያለችው ቆራጣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ለኖረችው ለቅድስት ወለተ ጴጥሮስ መታሰቢያ የሆነ ቤተ ክርስቲያን አላት። ወለተ ጴጥሮስ ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት በተቀበሉ ጊዜ በግልጽ ተቃውማ፣ ተሰዳ፣ በኋላም በጣና ዙሪያ የወንዶችና የሴቶች መነኮሳት ማኅበር የመራች ሴት ናት፤ ያረፈችው እ.ኤ.አ. በ1642 ሲሆን ገድሏ ከ30 ዓመት በኋላ ተጽፏል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ቆራጣ ስመ ጥር የንግድ ከተማ ነበረች፤ ዐፄ ቴዎድሮስም እ.ኤ.አ. በ1866 የእንግሊዙን መልእክተኛ ራሳምን ያሰፈሩት እዚያ ነው። ለሴት ልጅ ከዚህ የተሻለ የታሪክ ትምህርት ማግኘት ያስቸግራል፤ ንጉሥን የተጋፈጠች፣ ማኅበር የመራች ሴት እግሯ የረገጠውን የሐይቅ ዳር በራሷ እግር ትረግጠዋለች።

አንዳንዱ ሰው ‹‹በእግር መሄድ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም፤ ለመዝናናት ብሎ መሄድ የከተሜ ፋሽን ነው›› ይል ይሆናል። የመጀመሪያው አባባል ትክክል ነው። የፎገራ ልጅ ወደ ትምህርት ቤት፣ ወደ ገበያ፣ ከብት ይዞም ወደ ውሃ በእግሩ ይሄዳል፤ በንግሥ ቀን ደግሞ ቤተሰብ በሙሉ ነጭ ለብሶ፣ ሕፃን አዝሎ፣ አረጋዊ ደግፎ ረጅም መንገድ ይጓዛል። ሁለተኛው አባባል ግን ከዚህ ጋር አይሄድም። ከቤተሰብ ጋር ወደ ቅዱስ ቦታ በእግር መጓዝ የቆየ ባህላችን ከሆነ፣ የጎደለው መራመዱ ሳይሆን በመንገዱ ላይ የሚነገረው ነው። የገጠሩ ልጅ መንገዱን ያውቃል፤ በግንቡ ሥር ከብት እያገደም ማን እንደሠራው ላይነገረው ይችላል። የከተማው ልጅ የሠርፀ ድንግልን ስም ለፈተና ያጠናል፤ ግንቡን ግን አላየውም። የእግር ጉዞው ሁለቱን ልጆች በአንድ መንገድ ላይ ያገናኛቸዋል፤ አንዱ መንገድ ይመራል፣ ሌላው ያነበበውን ይናገራል። ቦታ ከተዘጋጀ ቤተሰብ እንደሚመጣ ደግሞ አዲስ አበባ አሳይታለች። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ የዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥትና የእንጦጦ ማርያም ባሉበት ተራራ ላይ የእግር መንገድ ሲያዘጋጅ ከተሜው ልጆቹን ይዞ ወጥቷል።

ከዚህ የሚከብደው መቃወሚያ ከቤተ ክርስቲያን ሰዎች የሚመጣው ነው፤ መቅደስ የጉብኝት ዕቃ አይደለም ይላሉ። ልክ ናቸው፤ ጎብኚ በበዛበት ቦታ ካሜራ ጸሎትን ሲያቋርጥ ታይቷል። ይሁን እንጂ ልጅን ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ማራቅ ለመቅደሱ ክብር አይጨምርም። የሥርዓቱ ትምህርት ራሱ የጉዞው ክፍል መሆን ይችላል፤ ጫማ ለምን እንደሚወልቅ፣ ነጠላ እንዴት እንደሚጣፋ፣ ቅኔ ማኅሌቱ፣ ቅድስቱና መቅደሱ እንዴት እንደተከፈሉና ማን እስከ የት እንደሚገባ። ቅዳሴ ባለበት ሰዓት አለመሄድ፣ ከመግባት በፊት አስተዳዳሪውን ወይም ካህኑን ማስፈቀድ፣ ፎቶ አይነሣም ከተባለ አለማንሣት በቂ ነው። የሌላ እምነት ተከታይ የሆነ ቤተሰብም በደኑ ዳር ተቀምጦ የቦታውን ታሪክ መስማት ይችላል፤ የአገር ታሪክ የሁሉም ነውና። ለግንቡም እንዲሁ ደንብ ያሻዋል። ልጅ ግድግዳ ላይ መውጣት፣ ድንጋይ መንቀል፣ ስሙን በኖራው ላይ መጫር የለበትም። የሰው እግር ቅርስን ይጎዳል የሚሉ ሰዎች ስጋታቸው ተገቢ ነው፤ ሆኖም ማንም የማይጎበኘውን ግንብ ሳርና ሥር ሲያፈርሰው፣ ድንጋዩም ለአጥር ሲወሰድ የሚጮህለት የለም። የሚወደው ሰው የሚበዛለት ቅርስ ጠባቂም ይበዛለታል።

የደህንነት ጉዳይ ከሁሉም ይቀድማል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ የአማራ ክልል በግጭት ውስጥ አልፏል፤ መንገድ የተዘጋበት፣ ትምህርት የተቋረጠበት ጊዜ ብዙ ነው። የትኛውም ግንብ ልጅን ለአደጋ የሚያጋልጥ ጉዞ አይገባውም፤ የአካባቢው ሰው አትሂዱ ካለ ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃል። ይህ ግን ሐሳቡን አያፈርሰውም፤ እንዲያውም ያጠነክረዋል። የውጭ ጎብኚ ላይ የቆመ ቱሪዝም በመጀመሪያው ችግር ይቆማል፣ ለመመለስም ዓመታት ይፈጅበታል። ከቤት አንድ ሰዓት በማይርቅ መንገድ ላይ የሚደረግ የቤተሰብ ጉዞ ግን ቀኑ ሰላም ሲሆን ቀድሞ የሚጀመር ነው፤ መንገዱን የሚያውቁት፣ ጊዜውን የሚመዝኑትም የአካባቢው ሰዎች ራሳቸው ናቸው። በሽታውም መታሰብ አለበት። ሜዳው ወባ አለበት፤ በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከም ወረዳ ካላዛር በወረርሽኝ መልክ ታይቷል፤ በሐይቁና በወንዞቹ ዳር ቢልሃርዚያ ይገኛል። ሁለቱን የመጀመሪያዎቹን የሚያስተላልፉት ነፍሳት በአብዛኛው ማታና ሌሊት ይናደፋሉ፤ ስለዚህ ጉዞው የጠዋት ይሁን፣ ቤተሰቡም ከመምሸቱ በፊት ቤቱ ይግባ። በጣና ዳርና በረግረጉ ውስጥ ልጅ አይዋኝ፣ እግሩንም አይንከር፤ ጉማሬ ባለበት ዳርቻም ያለ አካባቢው ሰው አይጠጋ።

ይህንን ሁሉ ለማሳካት ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ጥቂት ሥርዓት ነው። ለዚህ ምሳሌ የሚሆን ሥራ በራሳችን መንገድ ላይ ተሠርቶ ታይቷል። ከወረታ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ፣ በሰሜን ወሎ መቄት፣ ተስፋ በሚል ስም የተጀመረው የማኅበረሰብ ቱሪዝም እግረኞችን ከመንደር ወደ መንደር ያሳልፍ ነበር፤ ማደሪያውን የያዙት፣ ምግቡን የሚያዘጋጁት፣ ገቢውን የሚካፈሉት ገበሬዎቹ ነበሩ። ከሩቅ አገር ደግሞ የእንግሊዝን ልምድ መጥቀስ ይቻላል። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1949 የወጣ ሕግ በእርሻ መካከል የሚያልፉ የእግር መንገዶች በካርታ ላይ እንዲመዘገቡ አዘዘ፤ ዛሬ ቤተሰቦች በግንቦችና በአብያተ ክርስቲያናት አጠገብ የሚያልፉት በእነዚያ መንገዶች ነው። ትምህርቱ ቀላል ነው፤ መንገዱ የታወቀ ሲሆን እግረኛው ማሳ አይረግጥም፣ ገበሬውም አይጣላውም። በፎገራ የሩዝ ማሳ ድንበር ሲረገጥ ውሃው ይፈስሳል፤ ስለዚህ የትኛው ድንበር መተላለፊያ እንደሆነ ቀበሌው፣ ገበሬዎቹና ትምህርት ቤቱ ተስማምተው ቢለዩት ጠብ አይኖርም። ለጉዛራ አቀበት አንድ የሠለጠነ የመንደር ወጣት፣ ለቤተ ክርስቲያኑ ደን አንድ ዲያቆን ወይም የሰንበት ትምህርት ቤት ተማሪ ታሪኩን ለመናገር ይበቃሉ፤ ቤተሰቡም የሚገባቸውን ይክፈላቸው።

ለወላጅ የሚቀረው ጊዜውንና መጠኑን ማወቅ ነው። ክረምቱ ወጥቶ ዋልካው እስኪጠና መጠበቅ ያስፈልጋል፤ በመስከረም ሜዳው ያምራል፣ መንገዱ ግን ገና እርጥብ ነው። ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ የተሻለ ነው፤ አጨዳው ይታያል፣ ሸሸርና ወለላ በሚባሉት ረግረጎች አካባቢም ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ ሸሽተው የሚመጡ ወፎች ይሰፍራሉ። ረግረጎቹ በእርሻና በመስኖ እየጠበቡ ስለሆነ ልጆች ቶሎ ቢያዩአቸው ይበጃል። ትንንሽ ልጆች ላሉበት ቤተሰብ ለመጀመሪያ ቀን ሁለት ወይም ሦስት ኪሎ ሜትር ከበቂ በላይ ነው፤ ልጅ የሚደክመው ከእርምጃው ብዛት ይልቅ ከወላጁ ጥድፊያ ነው። ውሃ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ባርኔጣና የተዘጋ ጫማ ይያዝ፤ ለመንደር ውሻ አንድ የአካባቢው ልጅ ከበትር ይሻላል። ከግንቡ ሲደረስ ንግግር አይርዘም። አንድ ንጉሥ፣ አንድ ዘመን፣ አንድ ምክንያት ይበቃል፤ የቀረውን ልጁ ይጠይቃል።

ታሪካችንን ለልጆቻችን እናስተምር የሚለው ቃል በየስብሰባው ይነገራል፤ ሙዚየምና በጀት እስኪመጣም ይጠበቃል። በፎገራ ዙሪያ ግን ግንቡ ቆሟል፣ ደኑ አለ፣ መንገዱም ለዘመናት ተረግጦ የተዘጋጀ ነው። የወረዳ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቶች መንገዱን ይለዩ፤ ትምህርት ቤቶች በዓመት አንድ ጠዋት ይመድቡ፤ አድባራትና ገዳማት ደንባቸውን ጽፈው በደጃቸው ይለጥፉ። ወላጆች ደግሞ ይህን ሁሉ ሳይጠብቁ፣ አገሩ ሰላም በሆነበት በመጀመሪያው የበጋ ቅዳሜ፣ ልጆቻቸውን ይዘው ከሜዳው ይነሡ።